የቡድን ሥራ

አንድ ሰው ብቻውን ምን ያህል ጠላት ሊያፈራ እንደሚችል መገመት ካቃታችሁ እኔን ጠይቁኝ። ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ለኦርኬስትራ የሚሆን ሙዚቃ ስለጻፍኩ ሁለት ቀን ሙሉ ተገምግሜያለሁ። ግምገማ ስል ሰው ሁሉ ጠላቱንም ወዳጁንም በአንድ አዳራሽ ቁጭ ብሎ የሚያብጠለጥልበትን የዚያን ዘመን ግምገማ ማለቴ ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ያልደረሰባችሁ ጌታን አመስግኑ።

ስሜ አስቴር ነው። ያደግኩት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። የመዘምራኑ መሪ በአራት ድምፅ ሲያዘምረን እኔ የራሴን ድምፅ ትቼ አራቱ ድምፆች እንዴት እንደሚሯሯጡ ስሰማ መስመሬን እስታለሁ፤ በዚህም ስንቴ ተቆጥቶኛል። ኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ሙዚቃ ተማርኩና ተመልሼ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የባህል ቢሮ «የሙዚቃ ባለሙያ» ተብዬ ተቀጠርኩ። የሙዚቃ ባለሙያ ማለት የሪፖርት ባለሙያ ማለት እንደሆነ የገባኝ በመጀመሪያው ወር ነው። በዓል ሲደርስ ስንት ከበሮ፣ ስንት ተወዛዋዥ፣ ስንት ቀን አበል ብዬ እጽፋለሁ። በዓሉ ሲያልፍ «በድምቀት ተከብሮ ውሏል» ብዬ እጽፋለሁ።

ኦርኬስትራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ከሬዲዮና ከካሴት ነው የማውቀው። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ኖታ የሚጻፍበት ፕሮግራም በሲዲ ሰጠኝና በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። የጻፍኩትን መልሶ ያጫውትልኛል። ቫዮሊኑ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፣ ጥሩምባው የባጃጅ ክላክስ ነው፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ፍሉት፣ ያቺ የፈረንጅ ዋሽንት፣ የማትደርስበትን ኖታ ስጽፍ ቀይ ይሆንብኛል። ከዚያ ቀይ ሌላ መምህር አልነበረኝም።

ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ፣ አንዳንዱ ወደ ከተማው ፒያሳ፣ አብዛኛው አሳ ሊበላ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል፣ እኔ ዳቦና ሙዜን ይዤ እቀመጣለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሠራሁ። ፍላሽ ላይ ገልብጬው ነበር፣ ቫይረስ በላው። ስለዚህ ሥራዬ በዓለም ላይ የነበረው በዚያች የመንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። ፋይሉን «ሙከራ ሰባት» ብዬዋለሁ፤ ስድስቱን ጥያቸው ነው።

አንድ ቀን ታምራት የረሳውን ስልክ ሊወስድ ከምሳ ተመልሶ በሩን ከፈተ። ታምራት የአንድ ለአምስት መሪዬ ነው። አንድ ለአምስት ማለት፣ አምስት ሠራተኛ በአንድ መሪ ሥር ተደራጅቶ ስለ ሥራውም ስለ ባልደረባውም የሚያወራበት ነገር ነበር፤ በተግባር ስለ ባልደረባው ነው። ሲገባ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን እጆቼን አየር ላይ አወናጭፋለሁ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለኝ።

«ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጋር» አልኩት፣ እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። «መሣሪያ» የሚባል ቃል በዚያ ዘመን ለቀልድ እንደማይሆን ማሰብ ነበረብኝ።

ብዙም ሳይቆይ የግምገማው ሰሞን ደረሰ። ሰብሳቢው የቢሮው ኃላፊ አቶ ደስታ ነው፤ የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር፣ ተማሪ ዝም የሚያሰኝበት ድምፅ ዕድሜ ልኩን አብሮት የቀረ። ፊት ለፊት አንቱ እላቸው ነበር፣ በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጡኛል። እዚህ ግን ጸሐፊዋ እኔ ነኝና «አለ» ነው የምለው። ቅር ያለው የራሱን ገጠመኝ ይጻፍ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አርፋጆቹ ተገመገሙ። የመስክ መኪና ለሠርግ የወሰደው ሾፌር ግለ ሂስ አድርጎ፣ ማለትም ራሱን በራሱ ወቅሶ፣ ዳነ። ከሻይ በኋላ አቶ ደስታ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አስቴር፣ እስቲ ግለ ሂስ አድርጊ።»

«ምን አጥፍቼ?» አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ሁሉ ተንቋቋ። በግምገማ ውስጥ ከማጥፋት ይልቅ «ምን አጥፍቼ» ማለት ይብሳል። አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን፣ አውጥቶ መስጠት ነው ደንቡ።

ታምራት እጁን አወጣ። «ሰብሳቢ፣ አስቴር በአደረጃጀታችን ውስጥ እያለች፣ ከአደረጃጀቱ ውጭ፣ በመንግሥት ንብረት፣ ብቻዋን ሙዚቃ ስትሠራ ከርማለች። አንድም ቀን ለቡድኑ አላቀረበችም። ፋይሉን አይቼዋለሁ፣ ስሙ ሙከራ ሰባት ይላል። የምን ሙከራ ነው? ስድስቱስ የት ደረሱ?»

«ሙዚቃው ስንት ሰው የሚጫወተው ነው?» አለ አቶ ደስታ።

«ስልሳ ያህል» አልኩ።

«ስልሳው ሰው የት ነው ያለው?»

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«እኔ ጋ ነው ያለው። ጭንቅላቴ ውስጥ።»

ሳቁ። የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ «ስልሳ መደብ በመዋቅር አልተፈቀደም» አለ፣ ቀልዱን ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከኋላ አንዱ «ግጥሙስ ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። ግጥም የለውም ስለው «ታዲያ መልእክቱ በምን ይተላለፋል?» አለ፣ ልክ መብራት ሳይኖር ፍሪጅ ገዛሁ እንዳልኩት። ሌላው ተነሥቶ «በክልላችን ሃምሳ ስድስት ብሔረሰብ አለ። ቫዮሊን የየትኛው ነው?» ብሎ ተቀመጠ። ይኼኛው ተጨበጨበለት።

ለዚህ ሁሉ መልስ ነበረኝ። መልስ ያጣሁት ወይዘሮ አልማዝ ስትነሣ ነው። አልማዝ የሒሳብ ክፍል ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ስታመም ታቦር ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ ሾርባ ይዛ መጥታ ታውቃለች።

«እኔ ሙዚቃውን አላውቅም» አለች። «ግን ይቺ ልጅ ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ምሳ አልበላችም። አንድ ቀን አሞራ ገደል ወርዳ አብራን አሳ አልቀመሰችም። ምናችን ይሸታል?»

ማንም አልሳቀም። ቀና ብዬ ሳይ ፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነዋል፣ የተናደዱ ሳይሆን የተከፉ። ያኔ ገባኝ። ቫዮሊኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ ብሔረሰቡም ሰበብ ነው። በደሌ አብሬ አለመብላቴ ነው።

«ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» አለ አቶ ደስታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ታምራት ግን ሬሳ ሳይቀበር አይመለስም። «ይህ በግልጽ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው» አለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ሥራው አለቀ ማለት ነው።

«እኔ የሰው ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው» አልኩት። «ኪራይ ከፍዬ እንጂ ሰብስቤ አላውቅም።»

ይህችን ቀልድ ለብዙ ጊዜ ኮርቼባታለሁ። የዚያን ዕለት ግን እንደ ድንጋይ ወለሉ ላይ ወድቃ ቀረች።

አቶ ደስታ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ። «ያላየነውን አንገመግምም። ኮምፒውተሩ ይምጣና ይሰማ።»

ኮምፒውተሩን ተሸክመው አመጡት፤ ሁለት ጡብ የምታህል ስፒከር ሰኩበት። እንግዲህ አስቡት። ዓመት ከመንፈቅ ከእኔ ሌላ ጆሮ ያልሰማው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሊቀርብ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ ሊያጠፉት የተሰበሰቡ ናቸው። ማጫወቻውን ነካሁት።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ሲነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው መጀመሪያ በአንድ በኩል ብቻ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ሁሉም ይከተለዋል። አጀማመሩ እንደዚያ ነበር፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባሶቹ ብቻ፣ ከዚያ ቫዮሊኖቹ። መሃሉ ላይ ስልሳውም ዝም ይልና ፍሉት ብቻዋን ትቀራለች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ደረጃው እንደጠፋበት ሰው፣ አንድ እየወረደች አንድ እየተመለሰች። ይህችን ቦታ ስንቴ እንደቀየርኳት አትጠይቁኝ። እስከ ዋዜማው ድረስ ስቀያይራት ነበር።

የአንዱ ስልክ ጮኸ። ሁለት ሴቶች ስለ ሽሮ ያወራሉ። ታምራት ጣራውን ያያል። አቶ ደስታ አገጩን በእጁ ደግፎ አንዴም አልተንቀሳቀሰም፤ ተኝቷል ብዬ ነበር። ሲያልቅ ከኋላ አንድ ድምፅ «አለቀ?» አለ። የመጀመሪያው የሕዝብ አስተያየት ይኼ ነው። ውሳኔው ለነገ ተባለና ተበተንን።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ አዳራሽ ገብቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አቶ ደስታ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ገባ፤ አላየኝም። ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ወረቀቱን እየደረደረ ያፏጫል። ፍሉቷን! አንድ እየወረደ፣ አንድ እየተመለሰ፣ ያለ አንድ ስሕተት። ደሜ ፈላ። ልንገራችሁ፣ ደስ አላለኝም። ልብሴን ሰርቆ ለብሶ ፊቴ የቆመ ያህል ነው የተሰማኝ። ሰው ሲገባ አቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ።

ጠዋቱ በሌሎች ሰዎች ጉዳይ አለቀ። ምሳ ላይ ግን «ነይ፣ ዛሬ አሳ እጋብዝሻለሁ» አለኝና በቢሮው መኪና ይዞኝ ወደ አሞራ ገደል ወረደ። በስንት ዘመን አሞራ ገደል የወረድኩት እንግዲህ በገምጋሚዬ ግብዣ ነው። የተጠበሰ አሳ መጣ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አጥንት እስክንጥል ዙሪያችንን ቆመው በዝምታ ያዩናል። የግምገማው አባላት ምሳ ላይም አልተለዩኝም።

«እኔ ጠላትሽ አይደለሁም» አለኝ፣ የአሳውን ሥጋ ከእሾሁ ለይቶ ወደ እኔ እየገፋ። «ብዪ።»

«አመሰግናለሁ።»

«ከሰዓት ስትጠየቂ 'የቡድን ሥራ ነው' በይ። በቃ። ሦስት ቃል ናት። በአደረጃጀታችን የተገኘ ውጤት ብለን በሪፖርት እናስገባዋለን። ለበዓሉም ይቀርባል። ትንሽ ያጥራል፤ ታምራት ግጥም ይጽፍለታል።»

«ታምራት?»

«ግጥም ይሞክራል። አንቺም ሥራሽም ትድናላችሁ።»

«ባልል?»

«ኮምፒውተሩ የመንግሥት ነው። በውስጡ ከሥራ ውጭ ያለ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ያንቺንም ነገር ኮሚቴው ያየዋል።»

ያቺን ቃል ለማለት ምን ያህል እንደቀረብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሌላ ነገር ወጣኝ። «ጠዋት ሲያፏጩት ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«የእኔን ሥራ። የፍሉቷን።»

«እኔ?» አለ። የምሩን ተቆጣ። «እኔ ሳፏጭ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የማፏጭ ሰው ነኝ?»

አልዋሸም። ያ ነው የገረመኝ። ሰውየው አፉ ምን እንዳደረገ አያውቅም ነበር። አሳውን ጨርሰን ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ ስጠየቅ ተነሣሁ። «ብቻዬን ነው የሠራሁት» አልኩ። «እዚህ ካለ ሰው ማንም አንድ ኖታ አላዋጣም።» ጀግንነት አታድርጉት። ንዴት ነበር። ፍሉቷ ላይ ታምራት «ልማታችን» እያለ ሲዘፍንባት በሐሳቤ ስለታየኝ ነው። ስልሳ ሰው ከጭንቅላቴ ወጥቶ «እንዳትይው» ያለኝም መስሎኛል።

«ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ የምትሉ?» አለ አቶ ደስታ።

እጅ በሙሉ ወጣ። አልማዝ ዓይን ዓይኔን እያየች አወጣች፤ ያለ ሐፍረት፣ ግን ያለ ደስታም። የኮምፒውተር ባለሙያው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። «ዲ ድራይቩም ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀ። «ሁሉም» አለ አቶ ደስታ። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መጓዝ ጀመረች። ሰው ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እኔ እስክትሞላ ድረስ ቁጭ ብዬ አየኋት።

ከሥራ አላባረሩኝም፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩኝ። የተቀደደ ከበሮና አቧራ የበላው የውዝዋዜ ልብስ ስጠብቅ ከረምኩና መንፈቅ ሳይሞላ ለቀቅኩ። በሠርግ ኪቦርድ እየተጫወትኩ፣ የሰው ልጆች እያስተማርኩ መኖር ጀመርኩ። ታቦር ኪራይ ቤቴ ውስጥ ሙዚቃውን ከጭንቅላቴ እያወጣሁ በእጄ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ባሶቹ መጡ። ቫዮሊኖቹ መጡ። መጨረሻው ከበፊቱም አምሮ መጣ። ፍሉቷ ግን አልመጣችም። ስቀያይራት ስለኖርኩ ሁሉም ዓይነት በአንዴ ይመጣብኛል፤ የመጨረሻዋ፣ ትክክለኛዋ የቷ እንደነበረች ጠፋብኝ። አንዷን ስጽፍ ሌላዋ «እኔ ነኝ» ትለኛለች። ለዓመታት መሃሉ ባዶ ሆኖ ተቀመጠ።

አቶ ደስታም ውሎ አድሮ በሌላ ግምገማ ወረደ። ማን እንደገመገመው መናገር አያስፈልገኝም፤ አሁን ቢሮው ግጥም የሚጽፍ ኃላፊ አለው።

አንድ ቀን ፒያሳ ባጃጅ እጠብቃለሁ። ከፊቴ አንድ ኮቱ የሰፋው ሽማግሌ ፌስታል ሙዝ ይዞ ቆሟል፤ ያፏጫል። አንድ እየወረደ፣ አንድ እየተመለሰ። እሷ ናት። ሥራዬን አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ የያዘ፣ ስለዚህም የመጨረሻዋን እንጂ ሌላዋን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እሱ ነው። ባጃጅ መጣ፣ አለፈኝ። እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፌ ላይ አምስት መስመር አሰመርኩ። እሱ ሲጀምር ጻፍኩ፣ ሲደግም አረምኩ። ሰው እንደ እብድ ያየኛል። አንድ ቦታ ላይ እኔ ወደ ላይ ትወጣለች ብዬ ስጨቃጨቅ የኖርኩባት ኖታ ወደ ታች ወረደች። አዎ! ወደ ታች ነበር!

ዞሮ አየኝ። «አስቴር! ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አቶ ደስታ። ምንድን ነው የሚያፏጩት?»

«እኔ እንጃ። ከያዘኝ ስንት ዓመቱ፣ ባለቤቴ እንኳ ሰልችቷታል። አንቺ የሙዚቃ ሰው ነሽ፤ የማን ሥራ ነው?» አሉኝ።

አሉኝ ብያለሁ መሰለኝ። አምልጦኝ ነው፤ እንግዲህ ይቅር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ይቅር ብዬ እንደሆነ ለምትጠይቁኝ፣ አላልኩም። ያቺን ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ መስመር እስከ ዛሬ በሕልሜ አያታለሁ፤ ትምህርት ሆነኝ ብዬም አልዋሽም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አደርጋለሁ። የጻፍኩትን ደብቄ አላስቀምጥም። ላልወደደኝም፣ ለማይሰማኝም፣ ስለ ሽሮ ለሚያወራውም ቢሆን አሰማለሁ፤ የማን ጆሮ ምን እንደሚያስቀምጥልኝ አላውቅምና። ምሳዬንም ከሰው ጋር ነው የምበላው።

አቶ ደስታ መልሴን ይጠብቃሉ። መዳፌን ጨበጥኩ፤ ቀለሙ እንዳይነካካ ቀስ ብዬ።

«የቡድን ሥራ ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «ጥሩ ነገር ነው» አሉና ባጃጃቸው ውስጥ ገቡ።